መልካ ጀብዱ ለመድረስ ዋንጫ አያስፈልግም

የኳስ ሰው ይህን ርዕስ ሲያይ ቀጥታ ወደ ሊጉ ውጤት ሊዘል ይችላል። ትንሽ ይታገስ፤ ነገሩ ከኳስ ብዙም አይርቅም። የአገራችን ተጫዋች ከየት ነው የወጣው ቢባል መልሱ አንድ ነው፣ ከሰፈር ሜዳ። ዳኛ የለ፣ ማሊያ የለ፣ ዋንጫ የለ። ሁለት ድንጋይ ለጎል ይተከላል፣ ኳሷ ከጨርቅም ትሁን ከምን እስኪመሽ ትለጋለች። ክለብና ፌዴሬሽን የሚባለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ብስክሌት ሲመጣ ግን ነገሩ ተገልብጦ ቁጭ ብሏል። ውድድር አለ ሲባል ሳይክሉ ይወለወላል፣ ውድድሩ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ታዲያ የብስክሌቱ ሰፈር ሜዳ የታለ? መንገድ ነዋ! ማንም የማያሸንፍበት፣ ማንም የማይሸነፍበት፣ እሁድ ጠዋት ተሰብስበው የሚሄዱበት መንገድ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1878 የብስክሌት ተጓዦች ክለብ ሲያቋቁሙ ያሰቡት ይህንኑ ነው። በየገጠሩ የውስጥ መንገድ አብሮ ሄዶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አብሮ መመለስ።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ድሬዳዋ የተመቸች ከተማ ናት። ከባቡር ጋር የተወለደች፣ ከዚራን የመሰለ ቀጥ ያለ ጥላማ ሰፈር ያላት፣ መሬቷ ለፔዳል የማይከብድ። የድሬ ልጅ ሳይክል ለመልመድ ዳገት አይፈራም። ችግሩ ከለመደ በኋላ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። በደቡብ በኩል ደንገጎ አለ። ጥሩ ፈረሰኛ ብስክሌተኛ ይወደዋል፣ ግን ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት ከነከባድ መኪናው ለጀማሪ አይሆንም፤ መውጣቱስ ይሁን፣ ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ቢል ምን ይዋጣል? ስለዚህ የሚቀረው በስተ ምዕራብ ያለው ሜዳ ነው፣ መልካ ጀብዱ።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። በዚያ አካባቢ አሸዋማ የወንዝ ወለሎች አብዛኛውን ዓመት ደርቀው ይከርማሉ፣ በክረምት ግን ከደጋው ዝናብ ሲወርድ በአንድ ሌሊት ደራሽ ይሆናሉ። በሐምሌ 1998 ደቻቱ ያደረሰውን ድሬ አትረሳውም። ስለዚህ ለጉዞው ወቅቱ መጸው ነው፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር። ዝናቡ አልፏል፣ ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ ማሽላው ደርሷል። ግራና ቀኝ ግራር፣ ፍየልና ግመል፣ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ደግሞ በእርሻና በመንደር መሀል የሚያልፍ ፒስታ መንገድ። ለሳይክል ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም።

የቡድን ጉዞ ግን ዝም ብሎ መንጋ ሆኖ መውጣት አይደለም። ሕግ አለው። ጠዋት 12 ሰዓት አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ መገናኘት፣ ምክንያቱም ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የድሬ ፀሐይ አናት ይበሳል። ሁለት ሁለት ሆኖ መሰለፍ፣ መንገዱ ሲጠብ አንድ አንድ። ፊት መንገድ የሚያውቅ፣ ኋላ ደግሞ የማይቸኩል አንድ አንድ ሰው ይመደባል። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል፣ ከኋላ መኪና ሲመጣ የመጨረሻው ይጮኻል። ከፊቱ ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ንፋሱን ስለሚከለልለት እስከ ሲሶ የሚሆን ጉልበት ይተርፈዋል። ለዚህ ነው ፊት የሚሆነው በተራ በተራ የሚሆነው። ኳስ ሳይዝ ለጓደኛው ቦታ እየከፈተ የሚሮጥ አጥቂ ማለት ነው፤ ማንም ስሙን አይጠራውም፣ ያለሱ ግን ጎል የለም።

ዋናው ሕግ ግን ሌላ ነው። የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ደካማው ነው። አንዱ ሲቀደድበት ሁሉም ይቆማል። ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ፖምፓ የያዘ አይጠፋም፣ መንገድ ላይ ጎሚስታ ፍለጋ የለም። ውድድር ቢሆን የተቀደደበት ልጅ ብቻውን ሳይክሉን እየገፋ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው እሁድም አይመጣም። ሴቶች ልጆችና ሥራ የሚውሉ ሰዎች ሊገቡበት የሚችሉት እንዲህ ያለው ቡድን ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ይከለክላል? መንገዱ! መልካ ጀብዱ የድሮዋ መልካ ጀብዱ አይደለችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው፣ በነሐሴ 2014 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣናም እዚያው ነው። ለከተማው ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ፋብሪካና መጋዘን ባለበት ተሳቢ ይበዛል፣ ሠራተኛ ባለበት ባጃጅ ይበዛል፣ ብስክሌተኛው ደግሞ በሁለቱ መሀል ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ተሳቢ በአጠገብ ሲያልፍ የሚፈጥረው ንፋስ ብቻ ልምድ የሌለውን ልጅ ያንገዳግደዋል። ልጁን ሳይክል ገዝቶ የሰጠ አባት "ከከዚራ እንዳትወጣ" ቢል አይፈረድበትም። እንደዚያ ከሆነ ግን ሰፈር ሜዳው ታጥሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የድሬ የኳስ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ። በ1954 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የተጫወተው ለማን ነበር? ለድሬዳዋ ጥጥ። የፋብሪካ ክለብ! ሸማ የሚሠራ ድርጅት ነው የአገር አምበል ያሰለፈው። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ ግማሹ ምድብ ድሬ ላይ ሲካሄድም ከተማው ለኳስ አዲስ አልነበረም። ዛሬ መልካ ጀብዱ ላይ ያሉ ፋብሪካዎች ሠራተኛቸው በሳይክል ሥራ እንዲገባ ማቆሚያ ቢሠሩ፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ አንድ ፒካፕ ከቡድኑ ኋላ ቢያስከትሉ ምን ይጎድልባቸዋል? የትራፊክ ፖሊስ በበኩሉ በመጸው ወራት እሁድ እሁድ ለጥቂት ሰዓት ተሳቢዎቹን ቢያዘገይ በቂ ነው። አዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ በ"መንገድ ለሰው" ትልልቅ ጎዳናዎችን ለእግረኛና ለብስክሌት ስትዘጋ ሰማይ አልተደፋም።

"ብስክሌት የእኛ ስፖርት አይደለም" የሚል አይጠፋም። ኧረ ነው! ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ነው፣ እነ ገረመው ደንቦባም ከነሳይክላቸው እዚያ ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጽጋቡን ያወጣችው መቀሌ እንደነ ትራንስ ኢትዮጵያና ጉና ያሉ ክለቦች የነበሯት፣ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ብስክሌተኛ ሲያልፍ እያየ የሚያድግባት ከተማ ናት። ጎረቤት ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2024 በቢንያም ግርማይ የቱሩን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደች። በመስከረም 2018 የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ ኪጋሊ አስተናገደች። ድሬ ሻምፒዮን ታውጣ እያለ የሚያስጨንቃት የለም፤ የሚጠየቀው እሁድ ጠዋት መንገድ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ቱሩን እ.ኤ.አ. በ1903 የጀመረው ፌዴሬሽን አይደለም፣ ገበያ የራቀው የስፖርት ጋዜጣ ነው። ጂሮንም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1909 ጋዜጣ ነው የጀመረው። የስፖርት ጋዜጦችም ከኳሱ ጎን አንድ ጥግ ቢለቁለት አይከስሩም።

የኳስ ደጋፊው ደግሞ ጨዋታ ያመልጠኛል ብሎ አይስጋ። በ12 ሰዓት የወጣ ቡድን መልካ ጀብዱ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጎማ የተቀደደበትን ጠብቆ፣ ረፋድ ላይ ከዚራ ይገባል። ጨዋታው እስኪጀመር ገላ ታጥቦ አንድ እንቅልፍ መተኛትም ይቻላል።