ብረት ሲዘምር

በፈረንጆቹ 1980፣ በርሊን በግንብ ተከፍላ ሳለ፣ በምዕራቡ ወገን «አይንሽቱርጸንደ ኖይባውተን» የተባለ ባንድ ተመሠረተ። ትርጉሙ «እየፈረሱ ያሉ አዳዲስ ሕንፃዎች» ነው። ከበሮ መቺው ኡንሩ ከበሮውን ሸጦ ስለነበር ቁርጥራጭ ብረትና ስፕሪንግ ሰብስቦ ይመታ ጀመር። መሰርሰሪያና መዶሻ ከድምፃዊው ብሊክሳ ባርገልድ ጩኸት ጋር ተዋህደው በ1981 «ኮላፕስ» አልበም ወጣ።

ጫጫታ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም።

እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ጩኸትን ሳይሆን እያንዳንዱ ቁስ በውስጡ የያዘውን ድምፅ ነው። በ2000 ያወጡት አልበም ዝምታን ራሱን መሣሪያ አድርጓል። ከ2002 ጀምሮም ለሥራቸው ከአድማጮቻቸው በቀጥታ ገንዘብ ሰብስበዋል፤ ይህ አሠራር ገና ባልተለመደበት ዘመን!

ትልቁ ማስረጃ ግን በ2014 የወጣው «ላመንት» አልበም ነው። የቤልጂየሟ ዲክስማውደ ከተማ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመት ለማሰብ አዘዘችው። በአንዱ ክፍል የፕላስቲክ ቱቦዎች ይመታሉ፤ እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ተዋጊ አገር፣ እያንዳንዱ ምት አንድ የጦርነት ቀን ነው። አገሮች ወደ ጦርነቱ ሲገቡ ምቱ ይወፍራል፤ ሲወጡ ይሳሳል። አራት ዓመት ሙሉ ያለፋታ የቀጠለው እልቂት በጆሮ ይቆጠራል።