ጎልያድ ብለን የጠራነው ሰው

በልጅነቴ ወደ ጅጋ ገበያ የሚመጣ አንድ እጅግ ረዥም ጐልማሳ ነበር። ከፍኖተ ሰላም በኩል የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ አህያውን አቁሞ ይመለከተው ነበር። እኛ ልጆችም «ጎልያድ! ጎልያድ!» እያልን ከኋላው እንሮጥ ነበር። እርሱ ጥቂት ሲሄድ ይደክመውና ጉልበቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ይህንም ለሣቅ እንቆጥረው ነበር። ከጮኹት አንዱ እኔ ነበርሁ።

አገራችን ቁመት ትወዳለች፤ «ሎጋ» ብላ ታሞግሳለች። ልኩ ሲያልፍ ግን ውዳሴው ወደ ፌዝ ይለወጣል። ነገር ግን ከቤተ ሰብ ልክ አልፎ ያለማቋረጥ የሚሄድ ዕድገት ሕመም ሊሆን ይችላል። ከአንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። በርስዋ ላይ እባጭ ሲበቅል የዕድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ ይመነጫል፤ ይህም የልጁ አጥንት ማደጉን ሳያቆም ከደረሰ ቁመቱ ልክ ያጣል። ራስ ምታት፥ የዓይን መድከም፥ የመገጣጠሚያ ሕመምና የልብ መጐዳት ይከተላሉ። እንግዲህ ብርቱ የመሰለን ሰው ሕመምተኛ ነው ማለት ነው።

ሰውን እንደ ትርኢት የማየት ስስት የእኛ ብቻ አይደለም። ቻርልስ በርን የተባለ አየርላንዳዊ ግዙፍ ሰው በሎንዶን ለገንዘብ ሲታይ ኖሮ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1783 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ ሞተ። ሬሳው በባሕር እንዲቀበር ለምኖ ነበር። ጆን ሀንተር የተባለው ሐኪም ግን ሬሳውን በገንዘብ አስወስዶ ዐፅሙን ለትርኢት አቆመው። ቤተ መዘክሩ በ2023 እንደገና ሲከፈት ዐፅሙ ከሕዝብ ዓይን ተነሣ፤ ነገር ግን እስካሁን አልተቀበረም።

«ሳይንስ ተጠቅሞበት የለምን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2011 ከጥርሱ የተወሰደው ናሙና ሕመሙ በዘር የሚወረስ እንደ ነበር አስረድቶአል። ነገር ግን ለዚህ ዕውቀት የበቃው ጥርሱ ነው፤ ዐፅሙን ሙሉውን ሁለት መቶ ዓመት ማቆም ለዕውቀት ሳይሆን ለዓይን ነበር።

ዛሬ ግን ሕክምናው አለ። 2 ሜትር ከ51 ሳንቲሜትር የደረሰው ቱርካዊው ሱልጣን ኮሰን እንኳ በ2010 በአሜሪካ፥ በቨርጂንያ ከታከመ በኋላ ዕድገቱ ቆሞለታል። በልጅነት የተደረሰለት ሰውማ ምንኛ ይጠቀም ይሆን!

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለዕረፍት ወደ ጅጋ፥ ወደ ቡሬ፥ ወደየአገራችሁ ስትገቡ፥ ከእኩዮቹ አለልክ የረዘመና ራሱን የሚያመው፥ ዓይኑም የሚደክም ልጅ ብታዩ፥ ለወላጆቹ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱት ንገሩ። ከሚጮኹትም ልጆች ፊት ቁሙ። እኛ ያን ሰው በየገበያው ቀን እየተከተልነው ስንጮኽ፥ ስሙን የጠየቀው አንድ ስንኳ አልነበረም።