ጆንያው ብቻ ሳይሆን ሥራውም ይመዘን

ቡና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት መሆኑ በየመድረኩ ሲነገር ኖሯል። ቡናውን ከመጋዘን ወደ መኪና የሚያመላልሰው የጫኝና አውራጁ የጀርባ አጥንት ግን እምብዛም መነጋገሪያ ሲሆን አይታይም።

ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ቡና በአብዛኛው የሚታሸገው 60 ኪሎ ግራም በሚይዝ ጆንያ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1967 ያወጣው 128ኛው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚሁ መጠን እንዲወርድ ያሳስባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ተቋም በ1991 ያሻሻለው ቀመር ደግሞ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ ከ23 ኪሎ ግራም አያልፍም። ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጥበት ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑ ሲታሰብ አንድ ጆንያ ሦስት ተኩል ፈረሱላ ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ "ሥራው ከባድ ነው" ማለት ብቻውን መፍትሔ አያመጣም። ሥራንና የሠራተኛን አካል የማጣጣም ሙያ የሆነው ኤርጎኖሚክስ በቅድሚያ የሚጠይቀው ሥራውን ወደ ደረጃዎች መከፋፈልን ነው። "ጭነት" ተብሎ በአንድ ቃል የሚጠራው ተግባር ቢያንስ አምስት ሥራዎችን ያቀፈ ነው፤ ጆንያውን ከቁልሉ መሳብ፣ ወደ ትከሻ ማውጣት፣ ተሸክሞ መጓዝ፣ በመወጣጫ ጣውላ ላይ መውጣት፣ በመጨረሻም መኪናው ላይ መደርደር።

እያንዳንዱ ደረጃ የየራሱ አደጋ አለው። ከቁልሉ ግርጌ ያለውን ጆንያ የሚያነሳ ሠራተኛ ወገቡን አጥፎ፣ ብዙ ጊዜም ጠምዝዞ ነው የሚያነሳው። እጀታ የሌለው ጆንያ ከሰውነት ርቆ ይያዛል፤ በተጠቀሰው ቀመር መሠረት ሸክሙ ከ25 ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ የሚመከረው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል። በጉዞው ወቅት ጫናው ወደ አንገትና ትከሻ ይዞራል። ጣውላው ላይ ደግሞ ዋነኛው ስጋት ክብደቱ ሳይሆን መንሸራተት ነው።

ክፍፍሉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን አደጋ ቁልሉን በፓሌት ከፍ በማድረግ፣ ሦስተኛውን በእጅ ጋሪ፣ አራተኛውን መጋዘኑን ከመኪናው ወለል ጋር የሚያስተካክል መድረክ በመሥራት መቀነስ ይቻላል። የወገብ ቀበቶ ማደል ግን፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ምልከታው ማለዳ ብቻ ሳይሆን ድካም በሚበረታበት የሥራ ማብቂያ ሰዓትም መካሄድ፣ ሠራተኛውም የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያመው መጠየቅ ይኖርበታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀፅ 92 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አስቸጋሪው ነጥብ፣ በርካታ ጫኝና አውራጆች በማኅበር ተደራጅተው በጆንያ ሂሳብ የሚከፈላቸው መሆኑ ነው። ጣውላው የባለመጋዘኑ፣ መኪናው የባለንብረቱ፣ ትከሻው የማኅበሩ አባል በሆነበት አሠራር አሠሪው ማን እንደሆነ ለመለየት ያዳግታል። በመሆኑም ማኅበራቱና ባለመጋዘኖቹ የጆንያ ዋጋ ሲደራደሩ ፓሌቱንና ጋሪውን ማን እንደሚያቀርብ በዚያው ውል ውስጥ ቢያሰፍሩት የተሻለ ይሆናል።