ድመቷን ከቤት ከማባረራችሁ በፊት

ዛሬ ከተለመደው ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ ድመት ላወራችሁ ነው። "ዶክተር፣ ሰው በስንቱ እየታመመ ስለ ድመት?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ የነፍሰ ጡሮችና የልጆች ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጊዮርጊስ አካባቢ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲሄድ ብዙ ድመቶች እዚያው ቀሩ። ድመት ደግሞ ቤቷን ነው የምትለምደው፤ የመኪናና የሰው ግርግር ስትሰማ ትሸሻለች፣ ተመልሳ ስትመጣ ቤቱም ሰውም የለም። አንድ ማታ ከተረኛ ሥራ ስመለስ ከፍርስራሹ መሐል አንዲት ግራጫ ድመት፣ አጥንቷ የቀረ፣ ተከትላኝ ግቢ ገባች። አከራዬ እትዬ አዩዋትና "እሷም የልማት ተነሺ ናት በለኛ!" ብለው ሳቁ። ስሟ በዚያው "ተነሺ" ሆኖ ቀረ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ደውላ "አንተ ሐኪም አይደለህም እንዴ? ፀጉሯ ሳንባ ይበላል! ነገ ሚስት ስታገባስ?" አለችኝ። መልስ ልሰጣት ስል አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና አፌ ተያዘ።

ኢንተርን ሆኜ ስሠራ ነው። አንዲት አምስተኛ ወሯን የያዘች እናት ለክትትል መጥታ "ዶክተር፣ ቤት ድመት አለችን፣ ችግር አለው?" አለችኝ። ካርድ ከፊቴ ተቆልሏል፣ ውጭ ሰው ተሰልፏል። "አስወጧት" አልኳት። በቃ፣ አንድ ቃል። በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ባለቤቷ ድመቷን በማዳበሪያ ከትቶ ሩቅ ቦታ ወስዶ እንደጣላት፣ ትንሿ ልጃቸው ለቀናት እያለቀሰች ምግብ እንዳልበላች ነገረችኝ። ያን ቀን ሰልፉ ቀለል ብሎ ስለነበር ስለ አመጋገቧ ጠየቅኳት። "ምንም አልስማማኝ ብሏል ዶክተር። ጥሬ ክትፎ ብቻ ነው የሚያምረኝ፤ ደምም ይሆነኛል ብዬ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እበላለሁ" አለችኝ።

ድመቷን አባርሬ ክትፎውን ትቼዋለሁ ማለት ነው። ያኔውኑ አስረድቼ ጥሬውን አስቆምኳት፤ ግን አንድ ወር ሙሉ "ዋናው አደጋ ከቤቴ ወጥቷል" ብላ ተዘናግታ ነበር። ያዘናጋኋት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ ነፍሰ ጡር ስላለች ብቻ ድመት ከቤት መባረር የለባትም። እኛ ሐኪሞችም ይህን ምክር መተው አለብን። የምንሰጠው ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ስለሚቀል ነው። "ድመት አስወጪ" ለማለት አምስት ሴኮንድ ይበቃል። ስለ ጥሬ ሥጋ ማውራት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ደግሞ እኮ እኛም ከሥራ ስንወጣ ቁርጥ ቤት ነው የምንገናኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንፈራው በሽታ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል። እናት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ተህዋሲው ወደ ፅንሱ አልፎ ውርጃ ሊያስከትል፣ የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ቀልድ አይደለም። ድመትም እውነትም የዚህ ተህዋሲ ዋና ተሸካሚ ናት፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ድመት እንቁላሉን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው እንጂ ዕድሜ ልኳን አይደለም። ሁለተኛ፣ የወጣው እንቁላል ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን መቆየት አለበት፤ በየቀኑ የሚጸዳ አሸዋ አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ሦስተኛ፣ ድመቷ ራሷ የምትያዘው አይጥና ወፍ አድና ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ነው። ከቤት የማትወጣና የበሰለ የምትበላ ድመት ከየት ታመጣዋለች?

እ.ኤ.አ. በ2000 በአውሮፓ ከተሞች በነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራ ጥናት ከበሽታው ከ30 እስከ 63 በመቶ የሚሆነው በደንብ ካልበሰለ ሥጋ፣ ከ6 እስከ 17 በመቶው ደግሞ ከአፈር ንክኪ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አሳይቷል። ድመት መንካት እንደ መንስኤ አልወጣም። ይህ እንግዲህ እንደኛ ጥሬ በማይበላበት ሀገር ነው!

የፀጉሩ ነገርስ? ፀጉር ሳንባ አይበላም። ለአለርጂና ለአስም የሚያስቸግረው ከድመት ምራቅና ቆዳ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ድመት ሲቀርባችሁ የሚያስነጥሳችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ በእርግጥም ለእናንተ አትሆንም፤ ይህን አልክድም።

ታዲያ ከድመት ጋር እንዴት እንኑር? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፦

1. አሸዋዋን በየቀኑ አጸዳለሁ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሌላ ሰው ያጽዳ። የግድ እሷ ከሆነች ጓንት አድርጋ፣ ከዚያ እጇን በሳሙና ትታጠብ።

2. ከሉካንዳ ሳንባ ገዝቼ ቀቅዬ እሰጣታለሁ። በተለይ ሁዳዴ ላይ አስቡበት። ለ55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ ካልገባ ድመቷ ምን ትብላ? "ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ" እንደሚባለው ወጥታ አይጥ ታድናለች፤ ተህዋሲውንም ይዛ ትመለሳለች።

3. አይጥ አለ ብዬ መርዝ አልበትንም። መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም ይገድላል። ያው መርዝ ልጆች እጅ ገብቶ ድንገተኛ ክፍል ሲያመጣቸው አይቻለሁ።

4. ሰላጣና ጎመን በደንብ ይታጠብ። ነፍሰ ጡር እናት እስክትወልድ ጥሬም ሆነ ለብ ለብ ክትፎ ይቅርባት፤ ወጥ ስትሠራም ጥሬውን ሥጋ አትቅመስ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለና የመከላከል አቅማቸው የወረደ ወገኖችም እንደዚሁ፤ የታዘዘላቸውን ኮትሪሞክሳዞልም አያቋርጡ።

5. ተነሺን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቤያታለሁ።

የመጨረሻዋ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ የድመት ፀጉር የሚፈራ ቤት የድመት ንክሻ አይፈራም። "ድመት ናት፣ ምን ታመጣለች" ተብሎ ልጁ በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ ይተኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ታስተላልፋለች። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለንም። ስለዚህ ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ቧጥጣ ካደማቻችሁ ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ድመቷን አትግደሏት፤ ለ10 ቀን ጤንነቷ ይታያል። እናንተ ግን ክትባት ለመጀመር 10 ቀን አትጠብቁ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክትባቱን ግን አይተው። ከጊዮርጊስ ብዙ የማይርቀው "ፓስተር" የምንለው ሰፈር ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1885 ሰውን ለዚህ በሽታ ከከተበው ፈረንሳዊ ነው። ስሙን በየቀኑ በታክሲ ረዳት እየሰማን ክትባቱን መርሳታችን ያሳዝነኛል።

ባጭሩ፣ የምንፈራውን ነገር ቦታ እናስተካክል። ከፀጉሯ ይልቅ ጥርሷን፣ ከእሷ ይልቅ ሳህናችንን እንጠንቀቅ።

እናቴ ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ አደረች። ማታ ስገባ ተነሺ እግሯ ሥር፣ የጋቢዋ ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሳይ ሳያት እማዬ ቀድማኝ "ብርድ ነው ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። ምንም አላልኩም። ጠዋት ግን እጇን በሳሙና አስታጠብኳት።

ይህን ጽሑፍ ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት ሁሉ አጋሩልኝ።