ጥፋቱ የሲስተሙ ሳይሆን የጆንያው ነው

«ሲስተሙ እንቢ ብሏል።»

በአገራችን ኃላፊንም ባለሙያንም በአንድ ጊዜ ከተጠያቂነት የሚያስመልጥ እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር የለም። ሲስተም ሰው አይደለም፤ አይከሰስም፣ ደመወዙ አይቆረጥም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከወንዛዬ፣ ከፍል ውሃው ሰፈር፣ ባሕር ዳር ድረስ ለሦስተኛ ጊዜ ተመላልሰው ነበር። ጉዳያቸው ዓመታት ያስቆጠረ ነው። መልሱ ግን ያው ነው፦ «እማማ፣ ፋይልዎ አይከፈትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ።» ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት በትውውቅ «እስቲ እየው» ብሎ ጠራኝ፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው።

አየሁት። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የቤተሰባቸውን ዝርዝር፣ አቤቱታውንና ቃለ ጉባኤውን በፒኤችፒ ሲሪያላይዝ አድርጎ፣ ማለትም አንድ ረጅም ጽሑፍ አድርጎ፣ በማይኤስኪውኤል ሰንጠረዥ አንዲት አምድ ውስጥ ወትፎታል። ጤፉን፣ ዳጉሳውንና የፎገራን ሩዝ በአንድ ጆንያ ከቶ አፉን መስፋት ማለት ነው።

ጆንያው ለምን አልከፈት አለ? ቴክስት የሚባለው የአምድ ዓይነት የሚይዘው 65,535 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይወስዳል፤ የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት። ስለዚህ በአማርኛ ቢበዛ 21,845 ፊደል ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ የዳታቤዙ ጥብቅ ቁጥጥር ከጠፋ፣ የተረፈው ጅራት ይቆረጣል። ሠራተኛው «ተመዝግቧል» የሚል ያነባል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት የማይኤስኪውኤል ቅጂዎች ይህ ቁጥጥር ከመነሻው የበራ ነው፤ «ስህተት አበዛብን» ብለው የሚያጠፉት የእኛው ሰዎች ናቸው።

አስተውሉ፤ ብዙ አቤት ያለ ሰው ፋይሉ ይረዝማል፣ ፋይሉ የረዘመ ይቆረጣል። ማለትም ሲስተሙ ቀድሞ የሚረሳው ብዙ የተመላለሰውን ነው።

ሌላም አለ። ይህ ጆንያ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ርዝመቱን በባይት ይጽፋል። «አበበ» 9 ባይት ነው። አምዱ ለላቲን ፊደል ብቻ የተዘጋጀ ከሆነና ቁጥጥሩ ከጠፋ፣ ስሙ «???» ሆኖ ይቀመጣል፤ ምልክቱ 9 ይላል፣ ውስጡ ያለው 3 ነው። ፒኤችፒ ቆጥሮ ሲያጣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ጆንያውን በሙሉ ይጥለዋል።

«ሰንጠረዥ መንደፍ ጊዜ ይፈጃል» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ለሚያልፍ ነገር፣ ለጊዜያዊ ቅንብር፣ ጆንያውም ቦታ አለው። የፒኤችፒ መመሪያ ራሱ እንዲህ ያለው ነገር በቴክስት ሳይሆን በብሎብ አምድ ይቀመጥ ይላል። ብሎብ ግን ጆንያውን ያጠነክራል እንጂ አይከፍተውም። «በደራ ወረዳ ውሳኔ የሚጠብቁ ስንት ሴቶች አሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዳታቤዙ መልስ የለውም።

ይህን ለማወቅ የውጭ ትምህርት አያስፈልግም። የክልላችንን የመሬት ይዞታ ደብተር ግለጡ፦ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶው፣ ማሳው፣ አዋሳኙ፤ ሁሉም በየቦታው ነው። የንግድ ባንክን የመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሌሊትም አስታውሱ። መንስኤው ሌላ ቢሆንም ባንኩ ማን ስንት እንደወሰደ ለይቶ የጠየቀው እያንዳንዱ ዝውውር ተለይቶ ስለተመዘገበ ነው። ገንዘብ ሲሆን መዝገብ እናውቃለን፤ የድሃ አቤቱታ ሲሆን ግን ጆንያ!

ስለዚህ ሶፍትዌር የምትረከቡ ኃላፊዎች፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በፊታችሁ ይግባና ተመልሶ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ጥብቅ ቁጥጥሩ መብራቱን አሳዩን በሉ፤ ስህተት ካለ በባለጉዳዩ ፊት ሳይሆን በመዝጋቢው ፊት ይጩኽ። ሦስተኛ፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ቀንና ውሳኔ በየራሳቸው አምድ ይቀመጡ፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ሥራ ቢለቅ እንኳ ሌላው ያንብበው።

አንድ ነገር ላክል፦ የተበላሸ ፋይል ያገኘ ሰው ቅጂ ሳይወስድ አይነካካ። ጥያቄ ምልክት የሆነ ስም፣ የተቆረጠ ጅራት በብልሃት አይመለስም፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ ወይም ከወረቀት ብቻ ነው። እዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም።

እናታችንን ያዳናቸው እኔ አይደለሁም፣ ዳታቤዙም አይደለም። ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ወረቀት አንድ ሳይጎድል በቀኑ ተደርድሯል። መዝጋቢዋ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው።

ፌስታል የሌላቸውስ?