ልጁ በባልዲ ያመጣው ዓሣ

ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከመቂ አካባቢ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት መልስ በመስኖው ቦይ መንጠቆ እየጣለ ዓሣ ይዞ ወደ ቤት መግባት ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል። «ሥጋ በዓል ካልመጣ በማይታይበት ቤት ልጄን አትሂድ ማለት አልሆነልኝም» ይላሉ። ጎረቤታቸው ግን «የአገር ዓሣ አይደለም፤ አጥንቱ ልጅ ያንቃል፤ ጭቃ ጭቃ ይላል» ብላ አስፈራርታቸዋለች።

የደብዳቤው ዋና ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ልጁ ሁለት ዓሣዎችን በባልዲ አምጥቶ በሕይወታቸው በበርሜል አኑሯል። ክረምቱ ወጥቶ የመንደሩ ሰው ተባብሮ የቆፈረው ኩሬ ሲሞላ ሊጨምራቸው አስቧል። «እዚያው ይራባልናል፣ ቦይ ድረስ መሄድ ይቀራል ይላል። አባቱም ጎበዝ ብሎታል። የእኔ ልብ ግን አልወደደውም። ምን ትላላችሁ?»

እህታችን፣ ልብዎ ያልወደደው በከንቱ አይደለም። በመጀመሪያ ዓሣውን እንለየው። ቅርፊቱ ትልልቅ፣ መልኩ ወደ ወርቃማ ቡኒ የሚያደላ፣ በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አጫጭር ጢም ያለው ከሆነ ካርፕ ነው። አንዳንድ ዓሣ አጥማጆች «ዱባ» ይሉታል። አምባዛም ጢም አለው፤ ነገር ግን ቅርፊት የለውም። ካርፕ የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ሲሆን፣ ለምግብነት ተብሎ በሰው እጅ ወደ ብዙ የዓለም ክፍል ተወስዷል። በአገራችን ቀድሞ ከለመደባቸው ውሃዎች አንዱ የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ዛሬ በቆቃም በዝዋይ (ደንበል) ሐይቅም ይገኛል። (ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ በዝዋይ ገበያ የምንገዛው አምባዛም ቢሆን የሐይቁ ተወላጅ አይደለም።)

ጎረቤትዎ የአገር ዓሣ አይደለም ማለቷ ልክ ነው። አይበላም ማለት ግን አይደለም። ጉዳቱ ያለው በሰሐን ላይ ሳይሆን በውሃው ውስጥ ነው። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ከውሃው በታች ጭቃውን በአፉ እየቆፈረና እየበጠበጠ ነው። ሣሩን ይነቅላል፤ የአፈር ዳርቻውን ይቦረቡራል፤ ውሃው እንዳይጠራ ያደርጋል። በዓለም ላይ ከፍተኛ ጉዳት ካደረሱ አንድ መቶ መጤ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የተጻፈውም በዚህ ነው። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ይህ ቶሎ አይታይ ይሆናል። በመንደር ኩሬ ግን ይታያል። ከዚያ ኩሬ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ በበጋም ለቤት ይቀዳል። ውሃው ሲደፈርስ እስኪጠል ቁጭ ብላ የምትጠብቀው፣ በነጠላ የምታጠለው፣ ካልሆነም ጄሪካኗን አዝላ ሌላ ውሃ ፍለጋ የምትሄደው ማን እንደሆነች ለእርስዎ አንነግርዎትም። አባትዬው ልጁን ጎበዝ ሲሉ ይህን ሒሳብ ያስገቡት አይመስለንም።

«ካልበጀን መልሰን እናጠምደዋለን» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። አንዲት ሴት ካርፕ በአንድ ወቅት የምትጥለው እንቁላል በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ነው። ይህን በመንጠቆ መጨረስ አይቻልም፤ ኩሬውን ማድረቅ ካልሆነ በቀር። አንዳንዱ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መጨመርን ያስባል። ብርብራ ግን የአገሩን ከመጤው አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ይፈጃል፤ ውሃውም የሚጠጣ ነው። በጎርፍ ጊዜም ኩሬው ሞልቶ ሲፈስ ካርፑ ወደ ወንዝ መንገድ ያገኛል። በዝዋይ ሐይቅና ወደ እሱ በሚገቡት በመቂና በቀጣር ወንዞች ካልሆነ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ ዓሣ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? ያ ዓሣ ዛሬ እምብዛም አይገኝም።

ከሌላ ውሃ የመጣ ዓሣ ሁሉ ጥፋት ነው ማለታችን ግን አይደለም። የወሎው ሐይቅ ሰው የሚበላው ቆሮሶ እንኳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተወስዶ የተጨመረ ነው። ዳሩ ግን የትኛው ዓሣ በየትኛው ውሃ ይሁን የሚለው የባለሙያ ጥናት እንጂ የባልዲ ሥራ አይደለም። መንደሩ የዓሣ ኩሬ ከፈለገ ለብቻው ቆፍሮ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ።

ስለዚህ ልጁ ከቦይ ካርፕ ማጥመዱን ይቀጥል፤ እንዲያውም ይበርታ። በሊጥ፣ በትል ወይም በተቀቀለ በቆሎ ደህና ይያዛል። የያዘውን ግን በሕይወቱ ወደ ሌላ ውሃ አይውሰድ።

እኛን ከዓሣው ይልቅ ያሳሰበን እግሩ ነው። ልጁ ቦዩ ውስጥ እየገባ ያጠምዳል? በዝዋይ ዙሪያም ሆነ በወንጂ የመስኖ ቦዮች ቢልሃርዚያ የታወቀ ችግር ነው። ተሐዋሲው የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥቶ በውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። ዓሣ በመብላት አይመጣም፤ ውሃ ውስጥ በመግባት እንጂ። ስለዚህ ዳር ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግ ያጥምድ። የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካየበት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የሚያድን መድኃኒት አለ። ማሳ ላይ ፀረ ተባይ በተረጨ ሰሞንም ከዚያ ቦይ የወጣ ዓሣ አይብሉ።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። ካርፑን ቅርፊቱን ይፋቁና ሆዱን በጥንቃቄ ይክፈቱ፤ ሐሞቱ እንዳይፈርጥ። የካርፕ ሐሞት መራራ ብቻ ሳይሆን መርዝም ስለሆነ ለመድኃኒት ብሎ መዋጥ ያሰጋል። ከጎኑ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄደውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ቆርጠው ይጣሉ። ከዚያ በጨውና በሎሚ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው ያለቅልቁት፤ የጭቃው ጠረን በእጅጉ ይቀንሳል።

አጥንቱን በተመለከተ ጎረቤትዎ አላጋነነችም። በሥጋው መካከል እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። ሥጋውን ከጀርባ አጥንቱ ለይተው ቆዳውን ወደ ታች አድርገው ያስተኙ። በስለታም ቢላዋ በየሦስት ሚሊሜትሩ ያህል፣ ቆዳውን ሳይበጥሱ፣ አግድም አግድም ይተልትሉት። ዱቄት ነካ አድርገው በጋለ ዘይት ሲጠብሱት የተቆራረጡት አጥንቶች ይለሰልሳሉ። ለታናናሾቹ ግን ይህን አይመኑ። ለእነሱ ቀቅለው፣ በጣት እየዳሰሱ አጥንቱን ለቅመው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ዱለት ቢሠሩላቸው ይሻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አያልቅም፤ እኛም ሞክረነዋል። ዓሣ አጥማጁ ራሱ እጁን ታጥቦ ቢለቅም ምን ይለዋል?

በርሜል ውስጥ ያሉትን ሁለቱን በዚሁ ይጀምሩባቸው። ልጁን ግን አያስቀይሙት፤ መንደሩን ለመጥቀም ነው ያሰበው። አባቱ ባሉበት፣ በሁለት ብርጭቆ አንዱን ጥሩ ውሃ፣ አንዱን ጭቃ የተበጠበጠበት አድርገው ያሳዩት። የበርሜሉን ውሃ ወደ ቦይ ወይም ወደ ኩሬው ሳይሆን ጎመኑ ላይ ይድፉት። ውሳኔው ምን እንደሆነም በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይጻፉልን።