ስሙ ያልተነገረ ቁልፍ

በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር የሚወድ ሰው ከበረራው በፊት የሚሠራው ሥራ ስም ማውጣት ነው። አዲስ በተገዛ ጆይስቲክ ላይ የተደረደሩት ቁልፎች ቁጥር እንጂ ትርጉም የላቸውም፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ተብለው ይጠራሉ። ባለቤቱ ተቀምጦ «ይህ የማረፊያውን ጎማ ያውጣ፣ ይህ ፍላፑን ይዘርጋ፣ ይህ ፍሬን ይሁን» እያለ ለእያንዳንዳቸው ተግባር ያድላል። ከዚያ ወዲያ ልምምድ ነው፤ ጣት እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ። በቃሉ የያዘ ጣት ደግሞ ቆም ብሎ አያስብም፤ ያነባል፣ ያደርጋል።

እኔም አትላስ በሚገኘው ቤቴ፣ ከባንክ ሥራ መልስ፣ ማታ ማታ ይህንኑ እሠራለሁ። ሰፈራችን ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነውና በስክሪኑ ላይ የሐሰቱን አውሮፕላን ሳስነሣ የእውነተኛው ድምፅ በመስኮት ይገባል። «ግጥም የሚሞክር ሰው ከዚህ ጨዋታ ምን አገኘ?» ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ቁልፍ ቃል ነው፣ እጅም አንባቢ ነው። የዛሬው ሙግቴም ከዚሁ ይነሣል። ለአንባቢው ሳይነግሩ የቃልን ትርጉም መለወጥ ከነውርነት አልፎ ነፍስ ያጠፋል።

ቁልፍ ለእጅ ግልጽ መሆን እንዳለበት የአቪዬሽን ዓለም የተማረው በአደጋ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቢ-17 በተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ የጎማውና የፍላፑ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ መንትዮች ነበሩ። አብራሪዎች መሬት ከነኩ በኋላ ፍላፑን የሰበሰቡ እየመሰላቸው ጎማውን ይሰበስቡ፣ አውሮፕላኑንም በሆዱ ያስተኙት ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ ጥፋቱን ከአብራሪው ላይ አንሥቶ በንድፉ ላይ አደረገው። መፍትሔው እጅግ ቀላል ነበር፤ በአንዱ ጫፍ ላይ ጎማ መሰል፣ በሌላው ጫፍ ላይ ክንፍ መሰል ነገር ማድረግ። ዛሬም በትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ይህ ቅርጽ በደንብ የተደነገገ ነው። በጨለማ የሚዳስስ እጅ እንኳ የያዘውን እንዲያነብ የታሰበ ነው።

ከዚህ ትምህርት ከሰባ ዓመታት በኋላ የሆነውን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ነበሩ።

በማክስ ውስጥ ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነበር። ከአንድ ጠቋሚ ብቻ በሚደርሰው መረጃ ተመርቶ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ባለ ጊዜ የጭራውን አግድም ክንፍ በራሱ እያንቀሳቀሰ አውሮፕላኑን ወደ ታች ይደፋዋል። ጠቋሚው ሲዋሽ ሥርዓቱ አምኖት ደጋግሞ ደፋ። በቀድሞዎቹ 737ዎች ይህ የጭራ ክንፍ ያለ ትእዛዝ ወደ ታች መድፋት ቢጀምር፣ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ በመሳብ ሊገታው ይችል ነበር። ኤምካስ በሚሠራበት ጊዜ ግን ያ መሳብ እንዳይገታው ተደረገ። በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ያሉት ሁለት ማቋረጫዎችም እንዲሁ ናቸው። በቀድሞው ሞዴል አንደኛው የአውቶ ፓይለቱን፣ ሌላው የአብራሪውን አውራ ጣት ትእዛዝ ለየብቻ ያቋርጡ ነበር፤ በማክስ ላይ ስማቸው ተለውጦ አንዱም ቢዘጋ ሁለቱም የሚቋረጡ ሆኑ። ማሽኑን ዝም ያሰኘ ሰው የራሱንም ጣት ዝም አሰኘ ማለት ነው። በበረራ 302 አብራሪዎቹ ማቋረጫዎቹን እንደ ዘጉ፣ ከዚያም በእጅ የሚዞረው መንኮራኩር እንዳልሠራላቸው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት መዝግቦታል።

ያው መሪ፣ ያው ማቋረጫ፤ ትርጉሙ ግን ሌላ። የኢንዶኔዥያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ የኤምካስ አሠራር በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸላቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ማሳሰቢያ ወጣ፤ ዳሩ ግን ማሳሰቢያ ለዓይን እንጂ ለጣት አይደርስም። ጣት የሚማረው በሲሙሌተር ነው፤ የሲሙሌተር ልምምድ ደግሞ ግዴታ አልነበረም። ሲሙሌተሩም ቢሆን ያ መንኮራኩር ሲከብድ የሚሰማውን ጫና በትክክል አያሳይም ነበር፤ ቦይንግ ሶፍትዌሩን ማረሙን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ነው። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ሠራተኞቹ ስለ ኤምካስ የአሜሪካን አቪዬሽን ተቆጣጣሪ እንዳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

«አብራሪን በዝርዝር ማጨናነቅ ተገቢ አይደለም» የሚል ሙግት አለ። እቀበለዋለሁ፤ ሽቦውን ሁሉ ይወቅ የሚል የለም። የእጁን ትእዛዝ የሚሽር ነገር ሲጨመር ግን ዝርዝር አይባልም። እኛ ባንክ ቤት በአንዲት የክፍያ ትእዛዝ ላይ አሠራር ሲለወጥ ሰርኩላር ይደርሰናል፤ ማንበባችንን በፊርማ እናረጋግጣለን። ለገንዘብ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለነፍስ ምን ያህል ይገባ ነበር?

እኛ የሰምና ወርቅ ልጆች ስውር ትርጉምን አንጠላም። ቅኔ ግን ውል አለው፤ ሰሚው ወርቅ እንዳለ ያውቃል፣ ይፈልገዋል። ወርቅ መኖሩን ያልተነገረው ሰሚ ፊት የተቀመጠ ስውር ትርጉም ቅኔ አይባልም፤ ወጥመድ ነው።

አሁን ታርሟል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማክስ እንደገና ሲፈቀድ ሥርዓቱ ሁለት ጠቋሚዎችን እንዲያነጻጽር፣ ደጋግሞ እንዳይደፋ፣ ከአብራሪው ጉልበት እንዳይበልጥ ተደረገ፤ የሲሙሌተር ልምምድም ግዴታ ሆነ። አየር መንገዳችን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ በረራ መለሰ። እርማቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የተከፈለበት ዋጋ 346 ነፍስ ነው።

የበረራ ጨዋታው ሁልጊዜ የሚከፈት አንድ ሠንጠረዥ አለው፤ በአንድ ወገን ቁልፉ፣ በሌላው ወገን ተግባሩ ተጽፎበታል። ማሽን ሠርተው የሚሸጡልን ሁሉ ይህን ሠንጠረዥ ሳያጎድሉ እንዲሰጡን መጠየቅ መብታችን ነው። እኛ የሌላ አገር ማሽን ገዢዎች፣ የሌላ አገር መመሪያ አንባቢዎች ነን፤ ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ሁለት ጥያቄ እናስቀድም። ይህ ነገር እጄን ሳይጠይቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ላቆመው ስፈልግስ የትኛውን ልንካ?